ከእማዬ ጠረጴዛ በላይ የተሰቀለው ስስ ኮንክሪት

አባዬ ጌታዬ፣

እንደምን ከርመሃል? ከተለየኸን ወዲህ ይሄ ሁለተኛው ክረምት ነው። ሜዳው እንደ ልማዱ ውሃ ተኝቶበታል፤ ሩዙም ደህና ይዟል። ቀይዋ ላም ወልዳለች። ጥጃው እንዳንተው ግንባረ ሰፊ ስለሆነ በስምህ ልጥራው ብል እማዬ በማማሰያ አባረረችኝ።

አሁን እንዳትቆጣ። እኔም ግንባታ ገብቻለሁ። ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ ልጅ ሌላ ምን ይገባል ብለህ ነው? ወደ ደብረ ታቦር መታጠፊያው ላይ ለሚሠራው ፎቅ የፊት ጌጥ በቅርጽ እያፈሰስን እናወጣለን። አንተ ግንብ ስትሠራ ከላይ ወድቆ የወሰደህ ዓይነት ድፍን ኮንክሪት አይደለም። ሲሚንቶና አሸዋው ውስጥ የመስታወት ክር ይገባበታል፤ ውፍረቱ ከአውራ ጣቴ አይበልጥም፣ ሁለት ሰው ያነሳዋል። የምታሠራን ኢንጂነር የሩዝ ዛላ ነድፋበት ቁልጭ ብሎ ወጥቷል። ጎረቤታችንን ዓለምነህን ከብርሌ ስባሪ ነው የሚሠራው ብዬ ባሞኘው፣ ስባሪ በጆንያ ተሸክሞ መጣልህ!

የመጀመሪያ ቀን ግን ጉድ ሆንን። ክሩ ለቤት ምርጊት ጭቃ ውስጥ እንደሚገባው ጭድ መሰለንና፣ ቦቲ አጥልቀን እየጨፈርን ስንረግጠው ዋልን። ኢንጂነሯ ስትደርስ ራሷን ያዘች። ክሩ መጨረሻ ላይ ገብቶ ትንሽ ብቻ ነው የሚነካካው፤ ሲበዛበት ይሰባበራል፣ ያኔ ኮንክሪቱን የሚይዘው የለም አለችን። ያፈሰስነው ሲደርቅ በመዶሻ ነካ ብታደርገው እንደ ብስኩት ለሁለት ተከፈለ። ሁሉም ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም አባዬ። ስባሪውን አንስቼ ክብደቱን በእጄ መዘንኩት።

ከዚያ ወዲያ በደንቡ ሠራነው። በእርጥብ ገለባ ሸፍነን አቆየነው፣ ኢንጂነሯም ፈትሻ አሳለፈችው፣ ባለፈው ሳምንት ተሰቀለ። የት መሰለህ? እማዬ ከፎቁ ሥር ሩዝ የምትሸጥበት ሱቅ በር ላይ፣ ልክ ከጠረጴዛዋ አናት።

ጠረጴዛውን ወደ ውስጥ እናስገባው ብዬ ለመንኳት። «ሂድ ወዲያ! ዛሬ ደግሞ በምን ልትስቅብኝ ነው? ቀላል ነው ያልከኝ አንተው አይደለህ?» አለችኝ። እባብ ገባ፣ ግብር ሰብሳቢ መጣ እያልኩ ስንቴ አስሩጫታለሁ! ማርያምን ብዬ ብምል «ደግሞ መሐላ ጨመረበት» ብላ ጎረቤት ጠርታ ሳቀችብኝ። አንድ ቀን ከልቤ ብፈራ የሚያምነኝ ጠፋ።

ዛሬ ጠዋት አጠገቧ ተቀመጥኩ። የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር አንገቴ ሽቅብ ይዞራል። ሩዝ ስሰፍርም ሽቅብ እያየሁ መሬት በተንኩት። ልትሰድበኝ ቀና አለችና ፊቴን አየች። ሳቋ ጠፋ። ጠረጴዛውን በአንድ ጫፍ ያዘች፤ እኔ በሌላው ይዤ አስገባነው። አሁን እሷም ደንበኛ ስትሸኝ ሽቅብ ታያለች። ፍርሃቴን አጋባሁባት።

አባዬ፣ በየማለዳው መሰላል አቁሜ ኮንክሪቱን የያዙትን ብሎኖች አንድ በአንድ እነካለሁ፤ በነካሁ ቁጥርም ስምህን እጠራለሁ። ሰው ሟቹን አንገቱን ደፍቶ ያስታውሳል። እኔ ግን አንተን የማስታውስህ ሽቅብ እያየሁ ነው።

ያው ቀባጣሪው ልጅህ፣
ሙሉቀን