በእርድ የታተሙ እግሮች

ለማከብርሽና ለምናፍቅሽ ታላቅ እህቴ፦

አሰላሙ አለይኩም። ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ጤናሽ የተሟላ፣ ወገብሽም ባለፈው ከነገርሽኝ የተሻለ ሆኖ ያግኝሽ። የምታስታምሚያቸው ሽማግሌስ ምግብ አልቀምስም ማለታቸውን ተዉ ወይ? የታይዋን ሙቀትስ ጋብ አለልሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማዬ አሁንም ከአኩሪ አተር የምታቦካውን ቴምፔዋን በሙዝ ቅጠል እየጠቀለለች ገበያ ትወርዳለች፤ ተይ ብትባል የምትተው ሴት አይደለችም። ልጅሽ ሊንታንግም ደህና ናት። ይህን ስጽፍልሽ እዚሁ አጠገቤ ተቀምጣ በእግር ጣቶቿ ብይ እየለቀመች ጣሳ ውስጥ ትጥላለች። ሃያ ሳትሞላ ምሳ የለም ብያታለሁ። “ክፉ አክስት” ብላኛለች።

እትዬ፣ ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አስፈለገ እንደምትዪ አውቃለሁ። በስልክ ስንጀምረው መቼ ይጨረሳል? እማዬ ስልኩን ትነጥቀኛለች፣ ታለቅሳለች፣ አንቺም “ኔትወርክ ነው” ብለሽ ትዘጊዋለሽ። ደግሞም እዚህ ፖስታ ውስጥ በስልክ የማይላክ ነገር አለ። ታጥፎ የተቀመጠውን ወረቀት አሁን እንዳትከፍቺው፣ መጀመሪያ እኔን አንብቢኝ።

“ለሊንታንግ እግር ቀዶ ጥገና ስል የሦስት ዓመት የሥራ ውል እንደገና እፈርማለሁ” ያልሽኝ ቀን ስልኩን ለእማዬ አቀብዬ ሸሸሁ። ፊርማው በመስከረም መጨረሻ ነው ብለሻል። ስለዚህ አሁን መልስ ይዤ መጥቻለሁ፦ በልጅሽ እግር ምክንያት አትፈርሚ። ይህ እግር ቢላዋ አያስፈልገውም። ይህን የምልሽ እህትሽ ስለሆንኩ ብቻ አይደለም። ፊዚዮቴራፒ ያስተማሩኝ መምህሬም አካሄዷን በቪዲዮ አይተው ይህንኑ ብለዋል። እግሯ ጠፍጣፋ ቢሆንም፣ ጣቶቿ ላይ ስትቆም የጠፋው የውስጥ እግሯ ቅስት ጎድጎድ ብሎ ብቅ ይላል። እግሩ ለስላሳ ነው ማለት ነው፤ የደነደነ አይደለም።

ግን ጥፋቴን ልናዘዝ። ዲግሪዬን ይዤ እንደመጣሁ የልጅቷ ቁርጭምጭሚት ወደ ውስጥ ሲወድቅ አየሁ። ከሰዓት በኋላ ባቴን አመመኝ እያለች ትቀመጣለች፣ የሰፈሩ ልጆች “ዳክዬ መጣች!” ይሏታል። እኔ ምን አደረግኩ? ቅስት የሚደግፍ ጫማ ላኪ አልኩሽ፣ ላክሽ። ግድግዳው ላይ በትልቁ “በቀን ለስምንት ሰዓት ይደረግ” ብዬ ለጠፍኩ። እማዬ ማንበብ ባትችልም ለሚመጣው እንግዳ ሁሉ “የዶክተራችን ጽሑፍ ነው” እያለች ታሳይ ነበር። ስድስት ሳምንት አለፈ፣ ሕመሙ ግን እንደነበረ ነው። አንድ ቀን የጫማውን ሶል ገልብጬ ባየው ከፋብሪካ እንደወጣ ነው! አቧራ እንኳ አልነካውም።

በማግስቱ ልጅቷን ቀኑን ሙሉ ተከተልኳት። ጠዋት ደጃፍ ላይ ጫማዋን አድርጋ የጎረቤት ሞተር ላይ ወጣች። መዋዕለ ሕፃናቱ በር ላይ አወለቀች። ቁርዓን ቤት በር ላይ አወለቀች። ሱቅ ደጃፍ ላይ፣ የወለሉ ሸክላ እንዳይቆሽሽ፣ አወለቀች። ቤት ስትደርስ አወለቀች። መሬት የሚረገጥበት መንገድ ሲመጣ ደግሞ እማዬ በማዘያ ጨርቋ ሸብ አድርጋ ታዝላታለች። “ሊንታንግ፣ ይህ ጫማ ሥራው ምንድነው?” ብላት ትንሽ አሰበችና “ሞተር ይጋልባል” አለችኝ።

አራት ዓመት ተምሬ! እኔ ራሴ በየደጃፉ ጫማ እያወለቅኩ ያደግኩ ሴት! መጽሐፉን የጻፉት ሰዎች እቤታቸው ከነጫማቸው የሚገቡ መሆናቸው እንዴት እንዳልታየኝ እስካሁን ይገርመኛል። ወረቀቱን ከግድግዳው ገነጠልኩት።

ከዚያ ከእማዬ ጋር ተጋጠምን። ስድስት ዓመት የሞላትን ልጅ አውርጂያት ብላት “ወገቡ የኔ፣ ልጅቷ የኔ፣ አንቺን ምን አገባሽ? ዩኒቨርሲቲ የላክንሽ መታዘል ልትከለክዪ ነው?” ብላ ጮኸችብኝ። ቀኑን ሙሉ ተኳረፍን። በኋላ ግን የሙዝ ቅጠሏን እየጠረገች ቀስ ብላ ተናገረች። ሊንታንግ ሰባት ወር ሲሞላት እግሯን መሬት የምናስነካበት ሥርዓት ሳይደረግላት መቅረቱን አንቺም አትረሺውም፤ ጉዞሽ የወጣው በዚያው ሳምንት ነበር። “ምድር ሳትቀበላት ቀረች። ልጅቷን እንዲህ ያደረግኳት እኔ ነኝ፤ እኔ ማድረግ እችል ነበር” አለች። ለካ ይህን ሁሉ ዓመት የተሸከመችው ልጅቷን ብቻ አይደለም።

ስለ አጥንትና ስለ ጅማት ላስረዳት ከጀመርኩ በኋላ ተውኩት። “እንግዲያው አሁን እናስረግጣታ” አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። “በስድስት ዓመቷ? ሰው ይስቅብናል።” “ይሳቅ” አልኳት።

ሳቁም። እማዬ እንደ ሥርዓቱ የሚያጣብቀውን ሩዝ በሰባት ቀለም አብስላ በሰባት ሳህን ደረደረች። ሊንታንግ በባዶ እግሯ አንድ በአንድ እየረገጠች ሄደች፣ ስድስተኛው ላይ ስትደርስ ጎንበስ ብላ ከጣቶቿ መሃል አንስታ ጎረሰችው። ጎረቤት ሁሉ ሆዱን ያዘ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን እማዬ ማዘያዋን በትከሻዋ ትይዛለች እንጂ አታስርም። በእኔ መዝገብ የሕክምናው የመጀመሪያ ቀን ያ ነው።

የቀረውን አባባ ካርሶ ሠሩልን። የኮኮናት ስኳር የሚያበስሉት፣ ታስታውሻቸዋለሽ። አንድ የኮኮናት ቅርፊት ለሁለት ከፍለው፣ በስተው ገመድ አስገቡበትና “እኛ ልጅ ሳለን በዚህ ነበር የምንሮጠው” አሉ። ገመዱን በአውራ ጣትና በሁለተኛው ጣት መሃል አንቀሽ፣ ቅርፊቱ ላይ ቆመሽ መራመድ ነው። እግር ካልጨበጠ ይወድቃል። እኔ ፈተና ላይ ስሙን የጻፍኩት ጡንቻ ሁሉ እዚያ ቅርፊት ላይ ይሠራ ነበር! ሊንታንግ በመጀመሪያው ቀን አሥራ አንድ ጊዜ ወደቀች። አባባ ካርሶ “ዶክተሯ ክሊኒኳን ዛፍ ሥር ከፈተች፣ ወረፋ ያዙ!” እያሉ መንገደኛውን ይጠሩብኛል። ጠዋት ግድግዳ ተደግፈን ባታችንን እንስባለን። የምትወደውን የሽሪምፕ ጥብስ ጣሳ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ ጣቶቿ ላይ ቆማ ካልሆነ አትደርስበትም። ወደ መዋዕለ ሕፃናት በእግራችን እንሄዳለን፤ ያ የላክሽው ጫማም በመጨረሻ መሬት አወቀ።

ሥራ ሊሰጠኝ ስለነበረው የሱራባያ ከተማ ሆስፒታል ጠይቀሽኝ ነበር። ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ ከነፃነት በዓሉ በፊት እስካለው ሰኞ ጠብቀውኛል። ያን ሰኞ ሊንታንግ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትወድቅ ከውሃ ጉድጓዱ እስከ በራችን ደረሰች፤ እኔም አልሄድኩም። አሁን የቀበሌያችን ጤና ጣቢያ ማክሰኞና ሐሙስ አንዲት ክፍል ሰጥቶኛል። መስኮት የላትም፣ ግን አራት ልጆች ይመጡልኛል፤ መስኮቱን እኔ አስከፍተዋለሁ።

የበዓሉን ቀን ልንገርሽና ላብቃ። ከሰንደቁ እስከ መስጊዱ ጉድጓድ በኮኮናት ቅርፊት ውድድር፣ ሰባት ልጆች። ሊንታንግ መሃል ላይ ስትደርስ ገመዱ አመለጣትና በጉልበቷ ወደቀች። እማዬ ማዘያዋን ዘርግታ ሮጠች፤ እጅጌዋን ብይዛት “ልቀቂኝ፣ ልጄ ወደቀች!” ብላ አመለጠችኝ። ሊንታንግ ቀና ብላ አየቻትና “አያቴ፣ ዞር በይልኝ! መስመሩ ላይ ቆመሻል!” አለቻት። ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ራሷ ተነሳች፣ ገመዷን አነቀች፣ አምስተኛ ወጣች። ሁለቱ ልጆች ትተው ወጥተው ነበርና የመጨረሻዋ እሷ ናት፤ እንዳትነግሪያት። አባባ ካርሶ “ዳክዬ ትዋኛለች፣ ትሄዳለች፣ ትበራለች! የእናንተ ዶሮዎች የታሉ?” እያሉ ጮኹ። እማዬ በማግስቱ ማዘያዋን አጥባ የቴምፔ ቅርጫቷ ላይ አሰረችው።

አልዋሽሽም፣ ቅስቱ ገና አልመጣም። ዓመታት ሊወስድ ይችላል፣ ጭራሽ ላይመጣም ይችላል። ሕመሙ ግን ሄዷል።

አሁን ወረቀቱን ክፈቺው። ሦስት እግር ታያለሽ፣ ቀለሙ የእማዬ እርድ ነው። የመጀመሪያው የሊንታንግ ነው፣ እኔ ስመጣ የታተመ፤ ሁለተኛውም የሊንታንግ፣ በዚህ ሳምንት። ልዩነቱ ጥቂት ነው፣ ቀስ ብለሽ እዪው። ሦስተኛው የእማዬ ነው። እንደ መክተፊያ ጣውላ ጠፍጣፋ! አርባ ዓመት ሩዝ ተክላበታለች።

አራተኛው ደግሞ ይቀረናል። ከመታጠቢያ ስትወጪ ሲሚንቶው ላይ ትተሽው የምትሄጂው ዱካ የእማዬን ይመስል እንደነበር እኔ አልረሳሁም፤ በሠርግሽ ቀን እንኳ እግርሽን ቀሚስሽ ሥር ሰብስበሽ መቀመጥሽንም። ከዚያ በላይ አልልም። ብቻ ትናንት ሊንታንግ የእማዬን ዱካ ከራሷ ጋር ስታስተያይ ቆየችና ጠየቀችኝ፦ “እናቴ እግር አላት?”

በስልክ ያየችው እስከ ደረትሽ ነዋ።

እትዬ፣ እግርሽን ውሃ ነክረሽ፣ ቀለም ካጣሽ በሻይም ይሁን፣ ወረቀት ላይ ቁሚና ላኪላት። ከተቻለም አንቺው ይዘሽው ነይ። አላህ ወገብሽን ያበርታልሽ፣ ደጃችን ላይ ጫማሽን የምታወልቂበትን ቀን ያቅርብልን፤ አሚን።

ሊንታንግ ሦስቱን ግድግዳው ላይ በተርታ ለመስቀል ቦታ አዘጋጅታለች፣ የእነዚህን ግልባጭ ይዘናል። ምስማር ግን አራት አስመትታኛለች።

ታናሽሽ