የካርቱኗ ሚስት ዝም ካለች በኋላ

ውድ ዘይኑ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ሁላችንም ደህና ነን። እኔ ግን ተናድጃለሁ፤ ሰላምታውን በዚሁ እንለፈው።

ከጂዳ የላክኸው ቪዲዮ ማጫወቻ ከነካሴቱ ደርሷል። የላክህበት መርከበኛ እስከ በር ድረስ አመጣልን። በሩን ስከፍት ከኋላው የፈለግኩት አንተን ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ «ለዒድ እመጣለሁ» ትላለህ፤ ለዒድ የሚመጣው ግን ካርቶን ነው። አምና ብርድ ልብስ ላክህ። ብርድ ልብስ! ለአሰብ!

ካሴቱ ስለ አንድ ቤተሰብ የሚያስቅ የካርቱን ፊልም ነው። ሰፈሩ በሙሉ አብዷል። ከሁሉ የወደዱት ደግሞ፣ ባልየው ለድግስ እመጣለሁ ብሎ ይቀርና በእሱ ፋንታ ስጦታ የሚልክበትን ክፍል ነው። አይተኸው ነው የላክኸው ወይስ ሳታየው?

እንግሊዝኛ ስለሆነ የምተረጉመው እኔ ነኝ። አስተማሪ አግብተህ የለ! ጎረቤታችን ዓሻ «ምን አለች? ምን አለች?» እያለች ፋታ አትሰጠኝም።

ባለፈው ዓርብ ከሰዓት፣ ሳሎኑ ጢም ብሎ፣ እናትህም ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ የካርቱኗ ሚስት ባሏን መቆጣት ጀመረች። እኔም ተረጎምኩ። «ስጦታህን አልፈልግም!» አልኩ። «ልጅህ አባቷን የምታውቀው በፎቶ ነው! ትኩሳት ሲይዛት ሐኪም ቤት ተሸክሜ የምሮጥ እኔ፣ እናትህ ሲከፋቸው የማጽናናቸው እኔ! አንተ ባል ነህ ወይስ ዕቃ ላኪ?»

ዓሻ ክንዴን ነካ አደረገችኝ። «ጦይባ» አለች ቀስ ብላ፣ «ሴትዮዋ እኮ አፏን ከዘጋች ቆየች።»

ቀና ስል ቴሌቪዥኑ ላይ ውሻ ይሮጣል። ሰው ሁሉ እኔን ያያል። እናትህን ማየት ፈራሁ፤ ልጃቸውን በጎረቤት ፊት ማዋረዴ ነው። የሚረግሙኝ መሰለኝ።

እሳቸው ግን ተነስተው ቴሌቪዥኑን አጠፉና «በሉ፣ ወደየቤታችሁ» አሉ። ሁሉም ሲወጣ አጠገቤ ቁጭ ብለው፣ «ይሄን ሁሉ ለስዕል ከምትነግሪ ለእሱ አትነግሪውም?» አሉኝ።

«ይቀየመኛል ብዬ ነው፣ እማዬ።»

«ይቀየማ! እኔስ ልጄ ይቀየመኛል ብዬ አይደል ዝም ያልኩት? ሁለት ሴት ለአንድ ሰው ስንሳቀቅ!» አሉና አለቀሱ። አባትህ ሲሞቱ እንኳ እንዲህ ሲያለቅሱ አላየኋቸውም።

ስለዚህ እየነገርኩህ ነው። አዲስ አበባ፣ እህቴ ያለችበት፣ ቀደም ብዬ ዝውውር ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። ኻዲጃን ይዤ በሚቀጥለው ሳምንት እበራለሁ። እናትህን ለዓሻ አደራ ልሰጥ ነበር ሐሳቤ፤ አንተን ቤታቸው ሆነው መጠበቅ የሚሹ መስሎኝ። መሄዴን በነገርኳቸው ዕለት ግን ማታውኑ ሻንጣቸውን አዘጋጅተው ጠበቁኝ። «መጠበቅስ ጠብቄያለሁ» አሉኝ፤ «የቀረችኝን ዕድሜ የልጅ ልጄን ላሳድግባት።»

የቤቱ ቁልፍ ዓሻ ጋ ነው። ራስህ መጥተህ ከጠየቅካት ትሰጥሃለች፤ ለምትልከው ሰው ግን እንዳትሰጥ ነግሬያታለሁ።

እስካሁን ድረስ ሚስትህ፣
ጦይባ