ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነኝ

ሰኞ፣ ጥቅምት 11። ከት/ቤት መልስ፣ 10፡30።

ዛሬም ወደ እህቴ ወደ ታደለች ፔንሲዮን ሄድኩ። ሦስተኛው የውሃ ማሞቂያ ቦይለርም ሞቷል። የቧንቧ ሠራተኛው ኤርጊቾ ፈትቶ ረዚስታንሱን፣ ውሃውን የሚያሞቀውን ብረት፣ አወጣው። ነጭ የኖራ ድንጋይ ለብሶ የበቆሎ ቆረቆንዳ አክሏል። በቢላ ቢፋቅ አይነሳም።

ምን ልበልህ ማስታወሻዬ? የኖራ መከላከያው ሲሊንደር ከተገጠመ አራት ወሩ። ጨው አይጨመርበት፣ መብራት አይፈልግ፤ ውሃው በውስጡ ካለፈ በቃ፣ ኖራው ብረት ላይ አይጋገርም። ከአዲስ አበባ ያስመጣሁት እኔ። የኬሚስትሪ መምህር ነኛ! ታደለች ያን ቀን "የተማረ ይግደለኝ" ብላ ሳቀች። አሁን አትስቅም። ክፍሎቹን በሙሉ ለሥልጠና የመጡ ነርሶች ይዘዋቸዋል። በዚህ የሆሳዕና ጥቅምት በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባሉ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14። ጠዋት 12፡40።

ክፍል አለኝ፤ ቶሎ ልጻፍ። ነርሶቹ ሙቅ ውሃ ካልመጣ ሌላ ቦታ እንሄዳለን ብለዋል። ባሏ ከሞተ ወዲህ ታደለች ከዚህ ቤት ሌላ መተዳደሪያ የላትም። ኤርጊቾ ሲገጥመው ነው ያበላሸው ትላለች። ቆይ እስኪ እንየው አልኳት። የሲሊንደሩን መግጠሚያ ወረቀት ደግሜ አነበብኩ። የውሃው አቅጣጫ ልክ። ማሰሪያው ልክ። ሁሉም ልክ! ታዲያ ምኑ ነው?

ዓርብ፣ ጥቅምት 15። 9፡00።

ገባኝ። ምነው ባልገባኝ።

ግቢው ውስጥ ቆሜ ሳለሁ የውሃ ቦቴ መጣ። ሾፌሩ የውሃ ጎማውን ጣሪያ ላይ ሰቅሎ ሮቶውን ሞላና ሄደ። ውሃው ከሮቶው ወደ ቦይለሮቹ ይወርዳል። ሲሊንደሩ ግን ያለው በሩ አጠገብ፣ ከቆጣሪው ሥር ነው። የከተማው ውሃ በዚህ ሰፈር ፈረቃው ጠፍቶ ስንት ጊዜው! ፈታሁት። ደረቅ። ነርሶቹ ከሚታጠቡበት ውሃ አንዲት ጠብታ በዚያ አላለፈችም።

ደግሞ ትዝ አለኝ። የተገጠመ ቀን ኤርጊቾ ከሮቶው ሥር ቢሆን ይሻላል፣ ውሃው ከየትም ቢመጣ በዚያ ያልፋል ብሎኝ ነበር። እኔ ወረቀቱን አውጥቼ በጣቴ አሳየሁት፤ ዋናው መግቢያ ላይ ይላል አልኩት። እንደ ተማሪ ገሠጽኩት እኮ! እሺ መምህር አለና መቆፈር ጀመረ።

ለታደለች ነገ እነግራታለሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16። 6፡00።

አልነገርኳትም። ስደርስ ኤርጊቾን አባርራዋለች። ወሬው ገበያ ደርሷል፤ አንድ የሕንፃ ባለቤት ከሰኞ ጀምሮ እንዳትመጣ ብሎታል። ቧንቧ ሠራተኛ ስሙ ከጠፋ ምን ቀረው?

ልናገር ስል አንዲት እንግዳ ገባች። ታደለች እጄን ይዛ "ወንድሜ ነው፤ መምህር ነው" አለቻት። እናታችን ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት። የራሷን ትምህርት አቋርጣ ነው እኔን ያስተማረችኝ። ያን የኮራ ፊቷን አይቼ እንግዳዋን ሰላም ብዬ ነገሩን ተውኩት።

ነገ ከቅዳሴ በኋላ በታደለችና በኤርጊቾ መካከል ሽምግልና አለ። ሁለት ሽማግሌ ከሰበካው፣ ሦስተኛው እኔ። ጉዳዩን የሚያውቀው እሱ ነው ብላ ታደለች መረጠችኝ። እሺ አልኩ። እሺ አልኩ፣ ማስታወሻዬ! ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

እሑድ፣ ጥቅምት 17። 9፡30።

ተቀመጥን። ኤርጊቾ የታጠበ ኮት ለብሶ መጣ። ትልቁ ሽማግሌ ጥፋቱ የማን ነው ብለው ጠየቁ። አፌን ከፍቼ ነበር፤ እምልልሃለሁ ከፍቼ ነበር። ኤርጊቾ አንዴ አየኝ። ሴት ልጁ እኔ ክፍል ነው የምትማረው። ከዚያ ቀድሞኝ የሲሊንደሩን ቦታ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ አለ። ጎንበስ ብሎ የታደለችን እግር ሊይዝ ሲል ሽማግሌዎቹ አነሱት። ታደለች አልቅሳ ይቅር አለችው። ካሳው፦ ሲሊንደሩን ነቅሎ ከሮቶው ሥር ሊገጥም፣ ያለ ዋጋ።

ሽማግሌው መረቁ። አሜን አልን። የእኔ አሜን ከሁሉም ጎላ ብሎ ተሰማ።

በሩ ላይ ኤርጊቾ ጨበጠኝ። "አይዞዎት መምህር" አለኝ። እኔን!

ሰኞ፣ ጥቅምት 18። ጠዋት 1፡15።

ት/ቤት ከመግባቴ በፊት በፔንሲዮኑ በኩል አለፍኩ። ኤርጊቾ ጣሪያ ላይ ነው፣ ቧንቧ እየቆረጠ። ታደለች ከታች ሆና ትቆጣጠረዋለች፤ ደግሞ እንዳታበላሸው ትለዋለች። አቤት እትዬ ይላል። ሦስት ጊዜ ወደሷ ተራመድኩ፣ ሦስት ጊዜ ስለ ነርሶቹ ጠይቄ ተመለስኩ። አሁን በራፏ ላይ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ እጽፋለሁ። አፌ እምቢ አለ። እንግዲህ ይቅር በለኝ ማስታወሻዬ፣ ይኼን ገጽ ካንተ እቀደዋለሁ፤ አጥፌ እጇ ላይ አስቀምጬ እሄዳለሁ።

ታደለች፣ ኤርጊቾ ከሮቶው ሥር ይሁን ብሎ ነበር። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ትናንት እግርሽ ላይ ሊወድቅ የሚገባው እኔ ነበርኩ።