የናቲ የኮሪያ ዝኩኒ

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 21፣ 2021፤ ቴምቢሳ፣ ደቡብ አፍሪካ

ናቲ ወንድሜ፣ አትቆጣኝ፤ ዝኩኒህን አበላሸሁት። እማዬ ለቅሶ ተቀምጠን ጓሮ መቆፈር ነውር ነው ስላለች፣ ከቀብርህ ወዲህ አልነካሁትም። ለቀስተኛው እንኳ ኮቪድ ፈርቶ በስልክ ነበር የሚያጽናናን። አንተ "የኮሪያ ዝኩኒ እንደኛ ዱባ እስኪጠነክር አይጠበቅም፤ ለጋውን ነው የሚቆርጡት" ትለኝ ነበር። አሁን ክንዴን አክሎ ልጣጩ ደርቋል።

ዛሬ እማዬና አባዬ ሱቁን ሊከፍቱ ወጡ። ትምህርት ገና ስላልተጀመረ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ቀረሁ። አልጋህን ላለማየት ጓሮ ወጣሁና ከቅጠሉ ሥር አራት ለጋ ዝኩኒ አግኝቼ ቆረጥኩ።

ኮሪያዊቷ ደንበኛህ ሐሙስ ሐሙስ እንደምትመጣ ረስቼው ነበር። መኪናዋን በራችን ላይ አቁማ ጡሩምባ ነፋች። አራቱን ዝኩኒ ይዤላት ወጣሁ።

"ያ ሰነፍ ወንድምህ የት ሄደ? ሁለት ሳምንት ሙሉ ሾርባዬን ያለ ዝኩኒ አስበላኝ እኮ!" አለችኝ፣ ከማስኳ ሥር እየሳቀች።

"ሱቅ ነው" አልኳት። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም።

"ከአገሬ አዲስ ዘር እየመጣልኝ ነው። በሚቀጥለው ሐሙስ እሱ ራሱ ይጠብቀኝ በለው።"

"እሺ፣ እነግረዋለሁ።"

ይኸው ነገርኩህ። ሞተሯን ስታስነሳ እውነቱን ልነግራት ወደ መስኮቷ ሁለት እርምጃ ሄድኩ። የተሰናበትኳት መስሏት እጇን አወዛወዘችልኝ። እኔም አወዛወዝኩላት።