ስለ እትዬ በተራ ዕረፍት እና ባዶ ስለቀረው «ማን አዘዘ?»

ከሠራተኞች ማኅበር፣ ለመሥሪያ ቤቱ ባልደረቦች፣ ለአባላትና ይህን ሰሌዳ ቆሞ ለሚያነብ ሁሉ።

የከርነል ክፍል አንጋፋ ባለሙያ፣ ሁላችንም «እትዬ በተራ» የምንላቸው፣ መጋቢት 16 ቀን ጠዋት በተኙበት ሆስፒታል አርፈዋል። ማኅበሩ ክፉኛ አዝኗል። ማዘን ብቻም አይደለም፣ ተጠራጥሯል። አስተዳደሩ የለጠፈውን ባለ አራት መስመር ማስታወቂያ አንብበን ዝም ብንል ሐዘናችን የይስሙላ ነው የሚሆነው።

ሥራቸውን ለማታውቁ፦ ከርነል ማለት የሲስተሙ ሆድ ዕቃ ነው። የኛው ሲስተም የከተማውን የውኃ ፓምፖች ነው የሚያዘው። እዚያ ውስጥ ማንም የማያያቸው፣ ከጀርባ የሚሠሩ ሠራተኞች አሉ። ሰዎች አይደሉም፣ ኮድ ናቸው፤ ባለሙያዎቹ ትሬድ ይሏቸዋል። ዲስክ ላይ መጻፍ፣ ሚሞሪ ማጽዳት፣ መልእክት ማድረስ የእነሱ ነው። ሲበዙ ይገፋፋሉ፣ ሲያንሱ ሥራ ይከመራል። ልካቸውን የሚያውቁት እትዬ ነበሩ።

በተቀጠሩ በሁለተኛው ዓመት፦ ያኔ ማንም እየተነሳ የራሱን ሠራተኛ ይፈጥርና ትቶት ይሄድ ነበር። እትዬ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሥራ ፈት ቆጥረው «ይኼ ከርነል ነው ወይስ የመናኸሪያ በር?» አሉ። ሥራውን ሁሉ በአንድ ወረፋ አሰለፉት፤ ነፃ የሆነው ያነሳል። «በተራ! በተራ!» ሲሉ ሲሉ ስሙ እሳቸው ላይ ተለጠፈ።

በአምስተኛው ዓመት፦ አንዱ ሠራተኛ ዲስክ ሲጠብቅ ሲያንቀላፋ ሌላው ወዲያው እንዲነቃ፣ አምስት ደቂቃ ሥራ ያጣ ደግሞ እንዲሰናበት አደረጉ። እዚህ ቤት አቤቱታ ሳያስገባ የተሰናበተ ያ ብቻ ነው።

በዘጠነኛው ዓመት፦ ተጠባባቂውን ሠሩ። ነገሩ እንዲህ ነው። ሚሞሪ ጢም ብሎ ሲሞላ ለማጽዳት ሠራተኛ ያስፈልጋል። አዲስ ሠራተኛ ለመፍጠር ደግሞ ሚሞሪ ያስፈልጋል። እንግዲህ ሁሉም እየተያየ ይቆማል። ስለዚህ አንድ ሠራተኛ አስቀድሞ ተፈጥሮ፣ ምንም ሳይሠራ፣ ለዚያች ቀን ቁጭ ይላል።

በዚያው ዓመት ደንባቸውን አወጡ። ኮድ የቀየረ ሁሉ ከሥሩ «ማን አዘዘ?» ከሚለው ፊት ስም ይጽፋል። ራሳቸው ሲወስኑ እንኳ «ራሴ» ብለው ይጽፉ ነበር። ከዚያ ወዲህ በስማቸው የተመዘገቡ ለውጦችን ቁጭ ብለን አንድ በአንድ አየናቸው። አንድ ሺህ አራት መቶ ስድስቱ ተሞልተዋል። የመጨረሻው፣ አንድ ሺህ አራት መቶ ሰባተኛው፣ ባዶ ነው።

ወደዚያ ባዶ እንምጣ። ባለፈው ጥር የአስተዳደሩ ሪፖርት «ተጠባባቂው በስምንት ዓመት አንድም ሥራ አልሠራም፣ ይነሳ» አለ። እትዬ ስብሰባ ላይ ተነስተው «እሳት ማጥፊያውስ? ስንት እሳት ስላጠፋ ነው ግድግዳ ላይ የሰቀላችሁት?» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። ሥራ አስኪያጁ አልሳቁም። ቃለ ጉባኤው ላይ ይህ ንግግር የለም። የት ሄደ?

መጋቢት 3 እትዬ ሆስፒታል ገቡ። የይለፍ ቃላቸውን አስተዳደሩ «ለጊዜያዊ ውክልና» ብሎ ተቀበላቸው። መጋቢት 9 ተጠባባቂው ከኮዱ ተነሳ፣ ያውም በእሳቸው ስም። መጋቢት 12 ሚሞሪ ሞላ፤ ፓምፖቹ ስድስት ሰዓት ቆሙ። ባረፉ ማግስት ማስታወቂያው ወጣ፦ «ስህተቱ የሟች ነው፤ ምርመራው ተዘግቷል።» ለሦስት ቀን ፈቃድ ሦስት ሳምንት የሚያመላልሰን ቢሮ ይህን በአንድ ቀን ጨረሰ!

መጋቢት 9 ሴት ልጃቸው ከአልጋቸው አልተለየችም። በሁለቱም እጃቸው መርፌ ተሰክቶ ውኃ በማንኪያ የምታጠጣቸው እሷ ነበረች። ታዲያ በየትኛው እጃቸው ጻፉ? ማኅበሩ ጣቱን ማንም ላይ አልቀሰረም። ግን ያንን ለውጥ ያስገባው ሰው እትዬን አያውቃቸውም። ቢያውቃቸው «ራሴ» ብሎ ይሞላው ነበር።

ፓምፖቹ የቆሙ ዕለት ተጠባባቂውን ወደ ቦታው የመለሰችው አብራቸው ስትሠራ የኖረች ባልደረባችን ናት። ከኮዱ ሥር «ማን አዘዘ?» ከሚለው ፊት «እትዬ በተራ» ብላ ጻፈች፤ ለክብራቸው ብላ ነው። በማግስቱ ልትጠይቃቸው ሄዳ ነገረቻቸው። ድምፃቸው እየተቆራረጠ «እኔ መቼ አዘዝኩሽ፣ ልጄ? ሰርዢውና የራስሽን ስም ጻፊ። አትፍሪ» አሏት። ሰርዛ ስሟን ጻፈች።

ያልሠሩት በጎ ሥራ እንኳ በስማቸው እንዲያድር ያልፈቀዱ ሴት ናቸው። ያልሠሩትን ጥፋት ተሸክመው እንዲቀበሩ የፈለገ ማን ነው?

ማስታወቂያው እንዲነሳ፣ ምርመራው እንዲከፈት፣ መጋቢት 9 በይለፍ ቃላቸው የገባው ሰው እንዲታወቅ እንጠይቃለን። እስኪሆን ድረስ ይህ ወረቀት ከሰሌዳው አይወርድም። የሚያወርደው ካለ ሌላ እንለጥፋለን፤ ወረቀት አላጣንም።

ለሴት ልጃቸው፣ ለታናሽ ወንድማቸው፣ ለከርነል ክፍል ባልደረቦቻቸው መጽናናትን እንመኛለን። ነፍሳቸው በሰላም ትረፍ፤ ስማቸውም እንደ ነፍሳቸው።

ይህን መግለጫ ማን አዘዘ? ከዚህ በታች በስማችን የፈረምን አርባ አንድ የማኅበሩ አባላት።