ስልሳ ሁለት ያገኘችው የእማ ወርቅ

ለተወደድከው ወንድሜ አብዱልሃኪም፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነህ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ የወገብህ ሕመም ተሻለህ ወይስ አሁንም ካርቶን ራስህ ነህ የምታነሳው? ባለቤትህ ጊፍቲ እንዴት ናት? ትንሿ ልጃችሁ ጥርስ አበቀለች? ሱቁስ፣ ሰፈሩስ ሰላም ነው? ዜና ላይ ጆሃንስበርግ በተባለ ቁጥር እማ ድምፁን ጨምሩት ትላለች፤ ስምህን የሚጠሩት ይመስላታል። እኛ አልሐምዱሊላህ በአካል ደህና ነን። በአካል ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ሌላውን ወረድ ስትል ታገኘዋለህ።

ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምህ አይቀርም። በስልክማ ብሞክር አታስጨርሰኝም፤ ሁለት ቃል ሳልናገር ደንበኛ መጣ ብለህ ትዘጋዋለህ። ድምፅ ቀድቼ ብልክልህም መሐል ላይ ትተወዋለህ። ወረቀት ግን ተናጋሪውን አያቋርጥም። ጓደኛህ በከር ሐሙስ ወደዚያ ስለሚመለስ በእጁ እልክልሃለሁ፤ ሱቅህን ዝጋና ቁጭ ብለህ አንብባት። ታላቅህ ነኝና ዛሬ እኔ ልናገር፣ አንተ ስማ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ወደ ደቡብ አፍሪካ ልትሄድ ስትነሳ፣ ለመንገድህ የጎደለውን የሞላችልህ እማ ናት። ከእናቷ የወረሰቻትን፣ በሐር ክር አንገቷ ላይ የምታስራትን የምኒልክ የወርቅ ሳንቲም አውልቃ ሸጠችልህ። ፒያሳ ድረስ አብሬያት የሄድኩት እኔ ነኝ። ሰውየው ሚዛን ላይ ጣል አድርጎ በግራም ገዛት፤ የንጉሡን መልክም አንበሳዋንም ልብ ብሎ አላያቸውም። ስንወጣ እማ አንገቷን ዳሰስ አድርጋ “ቀለለኝ” አለች። ይህን ታውቃለህ። ስለምታውቅም ነው ሱቁ ሲቃናልህ አምሳያዋን ፈልጌ እመልስላታለሁ ብለህ የተነሳኸው። ለዚህ አላህ ይስጥህ። ዛሬ አንጀቴ ቢያርም ይህን አልክድም።

ሁለት ዓመት ሙሉ እኮ ያንተን የኢንተርኔት ጨረታ አብረንህ ተጫረትን። አንተ እዚያ ስልክህ ላይ ስታፈጥ እማ እዚህ ዱዓ ስታደርግ። አንድ ጊዜ ጨረታው ሊዘጋ ሦስት ሰከንድ ሲቀረው አንዱ ጨምሮ ነጠቀኝ ብለህ ደወልክ፤ እማ ሰውየውን ሳታውቀው አላህ ይቅር ይበለው ብላ ራቷን ሳትበላ ተኛች። ሌላ ጊዜ ደግሞ አንዷን አግኝተህ፣ ማንጠልጠያ ተበይዶባት የተነቀለላት ናት፣ እንዲህ ያለችውን የጥንት ሳንቲም ሰብሳቢዎች አይፈልጓትም ብለህ ተውካት። ያኔ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ። የእማ ወርቅ እኮ ከአያታችን አንገት ጀምሮ ማንጠልጠያ ያላት ናት። እኔ ግን ምን አውቄ፣ ልጁ ለእናቱ መርጦ ሊገዛ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

በመጨረሻ ቀናህ። ባለሙያዎች መርምረው ደረጃ ያወጡላት፣ በፕላስቲክ ያሸጓት፣ ስልሳ ሁለት ያገኘች ናት ብለህ ስትነግረን ቤቱ በእልልታ ተሞላ። ጎረቤታችን ኡሙልኸይር እንኳ የጣደችውን ትታ መጥታ ነበር። እማ ስልሳ ሁለት ከስንት ነው ብላ ጠየቀችህ። ከሰባ ስትላት፣ ታዲያ ስምንቱን ማን ወሰደባት ብላ ሁላችንንም አሳቀችን፤ አንተም ስቀህ ነበር። ከዚያ ስልኩ ድምፁ ከፍ ብሎ እንደተከፈተ፣ ሰዉ ሁሉ እየሰማ ምን አልካት? “እማ፣ ወርቅሽን መለስኩልሽ።” ቃል በቃል ይህንን ነው ያልከው። አስቀምጪልኝ አላልክም፤ አደራ አላልክም። ወርቅሽን ነው ያልከው።

በከር ኅዳር ላይ ይዟት መጣ። መታወቂያ የምታህል ወፍራም ፕላስቲክ ናት፤ ወርቋ መሐሏ ተቀምጣ፣ ከላይ ቁጥርና ጽሑፍ ተለጥፎባታል። አልዋሽህም፣ በከር አትክፈቱት ብሏል ብሎናል። እኛ የመሰለን መንገድ ላይ ነው። ጉምሩክ እንዳይነካካት፣ ሻንጣ ውስጥ እንዳትፋቅ የታሸገች መሰለን። ከሩቅ አገር የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ታሽጎ ይመጣል፣ ቤት ሲገባ ይከፈታል። እንደታሸገ የሚኖር ስጦታ ጌጃ ሰፈር ውስጥ ማን አይቶ ያውቃል? አንተ ራስህ ዓምና የላክህልኝን ጫማ ለምን አላደረግሽውም፣ አልወደድሽውም ማለት ነው ብለህ ወር ሙሉ አኩርፈኸኝ የለም እንዴ? ጫማ ሳይደረግ ሲቀመጥ የሚከፋው ሰው፣ ወርቅ ሲደረግ ይከፋዋል ብሎ ማን ይገምታል።

አሁን ደግሞ ያልነገርንህን ልንገርህ። እማ እንዳትነግሩት ብላ ሁላችንንም አስምላን ነበር፤ መሐላዬን የማፈርሰው አንተ ስላስገደድከኝ ነው። የእማ ዓይን ሄዷል። የግራው ከጠፋ ዓመት አልፎታል፤ በቀኙም ጥላ ጥላውን ብቻ ነው የምታየው። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው፣ የሄደው አይመለስም፣ ጠብታው የቀረውን ለማቆየት ነው አለን። በቪዲዮ ስታናግርህ ስልኩን ፊቷ ላይ የማስተካክልላት እኔ ነኝ። ከሳህ የምትልህም አይታህ አይደለም፤ በድምፅህ ነው የምታውቀው። ሰው አገር ተቀምጦ ምንም ላያደርግ አታስጨንቁት ብላ ነው ይህን ሁሉ የደበቀችህ።

እንግዲህ ያችን ፕላስቲክ መዳፏ ላይ ሳስቀምጥላት አገላበጠቻትና፣ ይሄ የመድኃኒት ዕቃ ነው፣ ወርቁስ የታለ አለችኝ። ውስጥ ናት አልኳት። በጥፍሯ ቧጠጠቻት፤ ጆሮዋ ሥር አስጠግታ ነቀነቀቻት። ዓይን ያለው ሰው በፕላስቲክ ውስጥ ያያል፤ ዓይን የሌለው ምን ይሁን? ሦስት ቀን እንደዚያው ይዛት ዋለች። እንግዶች ሲመጡ ቆንጆ ናት አይደል እያለች ትጠይቃቸዋለች፤ እነሱ ቆንጆ ናት ይሏታል፤ እሷ ግን የሚያወሩላትን ወርቅ አላገኘቻትም። እኔ ደግሞ ይህንን እያየሁ መቀመጥ አልቻልኩም።

በአራተኛው ቀን እማንም ወርቋንም ይዤ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ወርቅ የሚሠራው ጋሽ ዘነበ ዘንድ ሄድን። አሮጌ አንጥረኛ ነው፤ በእጁ ያላለፈ የሰፈራችን ሴት ወርቅ የለም ቢባል ውሸት አይደለም። ፕላስቲኳን በፒንሳ ሰነጠቃትና ወርቋን እማ መዳፍ ላይ አኖረላት። እማ በአውራ ጣቷ ዙሪያዋን ሄደችበት። አንበሳውን አገኘችው፤ ገለበጠችና ዘውዱን አገኘችው። እሷ ናት አለች። እሷ እንዳልሆነች ሁላችንም እናውቃለን፤ ከሁላችንም በላይ እማ ታውቃለች። ግን እሷ ናት አለችና እንባዋ መጣ፤ ጋሽ ዘነበም ምድጃው ላይ ሥራ ያለው መስሎ ፊቱን አዞረ። ከዚያ ማንጠልጠያ በየደላት፤ የትንሿ እህታችን የአሚራ ኒካህ ቀርቦ ነበርና አጠባትም። ለሠርግ የሚወጣ ወርቅ ሳይታጠብ አይወጣም፤ ይህንን እኔ አላመጣሁትም። ፕላስቲኩ የት አለ ብለህ ጠይቀሃል። ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ነው።

ኒካሁ ያለቀ ቀን ፎቶ ላክንልህ። እማ ወርቋን አንገቷ ላይ አድርጋ፣ ከስንት ዓመት በኋላ ቀና ብላ የተነሳችውን ፎቶ። እንኳን ደስ አላችሁ ትላለህ ስንል የድምፅ መልእክትህ ገባ። እማ ድምፅህን ስትሰማ ስለምትወድ ሳልሰማው በፊት ከፍ አድርጌ ከፈትኩላት። የአሚራ አማቾች ተቀምጠዋል፤ ኡሙልኸይር አለች። መጀመሪያ ማን ነካት፣ ማን አጠባት፣ የታጠበችን ሰብሳቢ አይፈልጋትም፣ ከዋጋዋ ሲሶው እንኳ አልቀረም፣ እናንተ መቼም አይገባችሁ ብለህ ጮህክ። ልዘጋው ታገልኩ። በዚያው መሐል ይህንን አልክ፦ “እማ ለምታደርገውማ አርቲፊሻል ገዝቼ ብልክላት ይበቃት ነበር።”

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ አብዱልሃኪም። እኔን ሳትጠይቂኝ ለምን አስከፈትሽ ብለህ ብትቆጣኝ እችለው ነበር፤ እውነትም መጠየቅ ነበረብኝ፣ አንድ ስልክ ነው፣ ጥፋቴን አምናለሁ። ዋጋዋ ወረደ ያልከው ግን ከቶ አልገባኝ አለ። የማትሸጥ ነገር እንዴት ትከስራለች? ወይስ ልትሸጣት ነበር? ከሆነ የሰጠኻት ለማን ነው? ሰጥቶ የሚነሳ አላህ ብቻ ነው፤ አንተ ያንን ከየት አመጣኸው? ለመሆኑ ያኔ ያችን የፊተኛዋን ወርቅ አውልቃ ስትሸጥልህ፣ ማንጠልጠያ አለባት፣ ታጥባለች፣ ስንት አገኘች ብለህ ጠይቀህ ነበር? በሳሙናም በአመድም የታጠበች ወርቅ ናት አንተን ያሻገረችህ። አርቲፊሻል ብትሆን ኖሮ ዛሬ የት ነበርክ? ይህንን ስጽፍ ደሜ እየፈላ ነው፤ ጽሑፌ ቢበላሽ ይቅር በለኝ። ባለሙያዎችህም ወርቅን ሰው ሲያደርጋት ትበላሻለች ካሉ፣ እናት የሌላቸው ሰዎች ይመስሉኛል።

እማ በሰው ፊት ምንም አልመሰለችም። ለአማቾቹ እንኳ ሥራ ሲበዛበት እንዲህ ነው፣ ልቡ ደግ ነው ብላ ጥፋትህን ሸፈነችልህ። እንግዳው ሲወጣ ግን ወርቋን አውልቃ በመሀረብ ጠቅልላ እጄ ላይ አኖረችና፣ “የሰው ዕቃ ነው፣ ነጅማ። በከር ሲሄድ ይውሰድለት። የሰው ወርቅ አንገቴ ላይ አድሮ አያውቅም” አለችኝ። ያንቺ ነው እኮ ብላት፣ ልጅሽ የሰጠሽ ነው ብላት፣ አሚራ ብታለቅስባት አልሰማ አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወርቅሽስ የሚላት ሰው እንዳይኖር አንገቷን በሻርፕ ሸፍና ነው የምትውለው።

እኔ ግን ለበከር አልሰጠውም። እጁ ላይ የምታገኘው ይህንን ወረቀት ብቻ ነው። ከፈለግካት አውሮፕላን ተሳፍረህ ና፣ ከእጇ ተቀበላት፤ ያንን ማድረግ ከቻልክ። አለዚያ ደውልና ያንቺ ናት በላት። ለእኔ አትንገረኝ፣ ለእሷ ንገራት፤ በሰው ፊት የተናገርከውን በሰው ፊት መልሰው፤ ኡሙልኸይርን እኔ እጠራታለሁ። የዓይኗን ነገር ነግሬሃለሁና እንዳታስነቃብኝ አደራ። ዓይኔ ስለጠፋ አዘነልኝ እንድትል አልፈልግም። እናቱ ስለሆንኩ ነው እንድትል ነው የምፈልገው።

ጊፍቲን በጣም ሰላም በልልኝ፤ እሷ በዚህ ነገር የለችበትም። ትንሿን ጉንጯን ሳምልኝ። አብሮህ ለሚሠራው ለደገፋም ሰላምታዬን አድርስ። አሚራና ባለቤቷ ሰላም ብለውሃል፤ አሚራ አሁንም እንዳኮረፈች ናት፣ ግን ሰላም በይው ብላለች። ኡሙልኸይር አላህ ልብ ይስጥህ ብላሃለች። እማንም ይህንን ደብዳቤ ከማጠፌ በፊት ምን ልበልልሽ ብዬ ጠየቅኳት። ዕቃህ ደህና ነው፣ አልጠፋም በይልኝ አለችኝ።

እህትህ ነጅማ
ጌጃ ሰፈር፣ ልደታ፣ አዲስ አበባ
ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.