አንድ ምት፣ ሁለት ምት

ይህ የሆነው ሐሙስ፣ የካቲት ዘጠኝ ቀን ነው። ከምሳ በኋላ ዝናብ ይጥል ነበር። በእርማት ክፍሉ ውስጥ የነበርነው እኔና ባለቤትዎ ነን፤ ሌላ ሰው ይኑር አይኑር እርስዎ ይፍረዱ።

ውድ እትዬ ነጥብ፣

የማሽን ሠራተኞቹ ያወጡልዎት ስም ይኸው እስካሁን አልጠፋም። ስህተት ባዩ ቁጥር "እትዬ ነጥብ ብትኖር ይቺን ታሳልፋት ነበር?" ይባባላሉ።

እኔ ፊደል የለየሁት ማተሚያ ቤቱን ስጠርግ፣ ከወረቀት መቁረጫው ሥር ከማነሳው ቁርጥራጭ ነበር። ቁርጥራጭ መጀመሪያም መጨረሻም የለውም፤ ስለዚህ አንባቢዎ ሆኜ ለእርማት ጮክ ብዬ ሳነብልዎት ማቆሚያውን አላውቀውም ነበር። እርስዎ በእርሳስዎ ጀርባ ጠረጴዛውን ይመቱልኝ ነበር። አንድ ምት አራት ነጥብ፣ ሁለት ምት ድርብ ሰረዝ። "ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገር ማለት ሁለት አዋቂ ሰው ነው። ወይ እጅ ለእጅ አያይዣቸው፣ ወይ በመሃላቸው በር ዝጊ። አንዱን በአንዱ ላይ አትጫኚ!" ይሉኝ ነበር።

እትዬ፣ ከሞቱም በኋላ ምቱ አልቀረም። ሳነብ ከባዶው ወንበርዎ በኩል ይሰማል። እርሳስዎ እንደተውት ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ንቅንቅ አይልም። ለማንም አልተናገርኩም። ብናገር ምቱ የሚጠፋብኝ መሰለኝ።

ሐሙስ ዕለት ባለቤትዎ ለአርባ ቀን መታሰቢያዎ የሚታተመውን ጽሑፍ ይዘው መጡ። ኮታቸው ረጥቧል፤ የሸሚዛቸው ቁልፍ ተዛንፏል። ጽሑፉ ከላይ እስከ ታች አንድም ነጥብ የለውም። ማንበብ ጀመርኩ።

"ባለቤቴ ሥራዋን ትወድ ነበር..."

ኳ፣ ኳ።

"...ምግብ ግን ታሳርር ነበር..."

ኳ።

ባለቤትዎ ቀና አሉ። "ማነው የሚያንኳኳው?"

"ቧንቧው ነው።"

"ነጥብ የሚያውቅ ቧንቧ?" ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ግን መሃል ላይ ቀረ። "ትንፋሽ ሳልወስድ ሳወራ ቤትም እንዲህ ነበር የምትመታው። 'ቀስ በል አንተ ሰውዬ፣ ማንም አያባርርህም' ትለኝ ነበር።"

ቀጠልኩ፤ ምቱም አብሮኝ ሄደ። መጨረሻው መስመር ላይ ደረስን። "ሰኞ ጠዋት ዓይኗን ከደነች እኔ አሁንም ሁለት ሳህን አቀርባለሁ..."

'ከደነች' ላይ ምቱ አልተሰማም። ደግሜ አነበብኩት። ከዝናቡ በቀር ዝም።

"ተይው፣ እንዲሁ ይታተም" አሉኝ በሹክሹክታ። "እዚያ ላይ ነጥብ ካስገባሽ ትሄዳለች።"

እኔም የፈራሁት ይህንኑ ነበር። ግን ያን የተዛነፈ ቁልፍ አየሁ፤ አንገታቸው ከኮሌታው ውስጥ ጠፍቷል። እርስዎ ዓይንዎን ሲከድኑ እሳቸውም አብረው የከደኑ ይመስላሉ። አንዱን በአንዱ ላይ አትጫኚ ያሉኝ እርስዎ ነዎት።

እስከ 'ከደነች' አንብቤ በጣቴ አንጓ ጠረጴዛውን አንድ ጊዜ መታሁ።

ክፍሉ ቀዘቀዘ። ከዚያ ከወንበርዎ በኩል፣ በጣም በዝግታ፣ አንድ ምት መለሰልኝ። እርሳስዎ ተንቀሳቀሰ። ጠረጴዛውን አቋርጦ እየተንከባለለ መጥቶ እጄ ሥር ቆመ።

ባለቤትዎ አይተዋል። ቆመው ቁልፋቸውን ፈትተው እንደገና ቆለፉና ሄዱ።

ዛሬ ጠዋት ክፍሉን ከፈትኩ። ወንበርዎን በጨርቅ ወልውዬ ተቀመጥኩበት። የታተመውን ወረቀት ከላይ እስከ ታች ጮክ ብዬ አነበብኩ። በየማቆሚያው በእርሳስዎ ጠረጴዛውን የመታሁት እኔ ነኝ።

አንባቢዎ